የመጨረሻዋ ጉርሻ

አዳኝ የገደለውን አውሬ አፉን ባዶ አድርጎ አይሄድም። በተራራማዋ በሂንተርላን መንደር ይህ የትም አልተጻፈም፣ የሚሽረው ሰው ግን ገና አልተወለደም። አጋዘኑ ከወደቀበት ቦታ አጠገብ አንዲት የጥድ ቅርንጫፍ ትሰበራለች። ቢላ አይነካትም፣ በእጅ ነው የምትሰበረው። ከዚያ በሟቹ ጥርሶች መካከል ትገባለች፣ አዳኙም ቆቡን አውልቆ ትንሽ ይቆማል። የመጨረሻ ጉርሻ ይሏታል። አጋዘኑ ሲበላው ከኖረው ጫካ አንድ የመጨረሻ ጉርሻ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ኖትቡርጋ ክራንኤቢተር ይህን ወግ ከአባቷ የተማረችው በሰባት ዓመቷ ነው። አሁን ሃምሳ ሰባት ሞልቷታል። አባቷ ሲሞት ጠመንጃውንም፣ የአዳኙን ቤትም፣ የመንደሩን አጋዘኖች የመጠበቅና የመቀነስ ሥራውንም ወርሳለች። ሰው ሁሉ ቡርጋ ይላታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፏን የማትቆጥብ ሴት ናት።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጠዋት ከመንደሩ በላይ ባለው ዳገት ላይ አንዲት ያረጀች መካን አጋዘን በአንድ ጥይት ጣለች። ጠመንጃዋን ዛፍ ላይ አስደግፋ ቅርንጫፍ ፍለጋ ዞር አለች። የለም። ወደ ግራ ሄደች፣ የለም። ወደ ቀኝ ሄደች፣ የለም። ትልልቆቹ ጥዶች እንደሆነ ቆመዋል፤ የታችኛው ቅርንጫፋቸው ግን እጅ አይደርስበትም። ከሥራቸው መብቀል የነበረባቸው ትንንሾቹ የሉም። አለ ቢባል ጉልበቷን የማያልፍ፣ ጫፉ ተግጦ ተግጦ ያለቀ ጉቶ ነገር ነው። ቡርጋ ጎንበስ ብላ አንዱን መረመረችው። ከግንዱ ውፍረት ሃያ ዓመት ይሆነዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በየበረዶው ወራት እየተበላ እዚያው ከጉልበቷ ሥር ቀርቷል።

በመጨረሻ ቅርንጫፍ ያገኘችው አጥሩ ውስጥ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ የደን ሠራተኛ አጋዘን ባይደርስበት ጫካው ምን እንደሚመስል ለማየት አሥራ ሁለት እርምጃ በአሥራ ሁለት እርምጃ የሆነ ቦታ በሽቦ አጥሮ ሄዶ ነበር። መንደርተኛው የዶሮ ቤቱ እያለ ይስቅበታል። የበሩ ቁልፍ ቡርጋ ዘንድ ነው፤ ለዓመታት ግን ከፍታው አታውቅም። ስትከፍተው ሰው የማያሳልፍ የጥድ ጎረምሳ ሞልቶት አገኘችው፤ ከእሷ የሚረዝሙም ነበሩ። አንዲት ቅርንጫፍ ሰብራ ተመለሰችና አጋዘኗን አጎረሰቻት። ቆቧን አውልቃ ቆመች። ጸሎት የሚመስል ነገር ግን አልመጣላትም፤ የመጣባት እፍረት ነው።

ምክንያቱም ይህን ያደረገችው እሷ ናት። አጋዘን ምን ያድርግ፣ ያገኘውን ይበላል። የአውራጃው የአደን ሹም በየዓመቱ ስንት እናትና ግልገል መቀነስ እንዳለበት ይወስናል። ሠላሳ ሲባል ቡርጋ ስምንት ወይም ዘጠኝ ትገድልና ሠላሳ ብላ ትፈርማለች። እንዲህ አድርጊ ያላት አደኑን ከመንደሩ የተከራየው ሄር ቬንትሃይም፣ ማለትም አቶ ቬንትሃይም፣ የሚባል የሰሜን አገር ባለፋብሪካ ነው። ሰውየው ወንዶቹ በሚያገሱበት በመስከረም መጥቶ ትልልቅ ቀንድ ይተኩሳል፤ በበረዶው ወራት ደግሞ እንግዶች ሰብስቦ ድርቆሽ የሚበሉ አጋዘኖችን በመስኮት ያሳያል። እናቶቹ ካነሱ ወንዶቹም ያንሳሉ፤ ስለዚህ እናቶቹ በወረቀት ላይ ብቻ ይሙቱ አለ። አጋዘኑ ቀድሞም በዝቶ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ እንዲሁ ሆነ። ችግሩ በወረቀት የሞተ አጋዘን ሰኔ ሲመጣ መውለዱ ነው።

ባለፈው የካቲት ከዳገቱ የወረደ የበረዶ ናዳ የአክስቷን ልጅ የአምብሮስን በረት ከሁለት ጊደሮቹ ጋር ጠራርጎ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ደርሶ ቆሟል። መንደሩ በረዶው በዛ አለ። ቡርጋም አብራ በረዶው በዛ ብላለች። አሁን ግን ቀና ብላ ዳገቱን አየችው። እነዚህ ሽማግሌ ጥዶች አንድ በአንድ ሲወድቁ በረዶውን የሚይዘው ምንም ነገር የለም። ከሥር ደግሞ አርባ ሁለት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ አሉ።

«በቃ!» አለች ሰው ባይኖርም ጮክ ብላ። «ዘንድሮ ሠላሳ ማለት ሠላሳ ነው።»

ሄር ቬንትሃይም ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። አዲስ የቆዳ ሱሪ ለብሷል፤ ቆቡ ላይ የሰካው የዱር ፍየል ጠጉር ከራሱ ከቆቡ ይበልጣል። በዚያ አገር ከሺህ ሜትር ከፍታ በላይ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። ዳገቱ መንገድ ዳር ሺህ ሜትር የሚል የእንጨት ምልክት ተተክሏል፤ እሱን ካለፉ ቄሱም ዳኛውም አንተ ናቸው። ከዚህ ልማድ የወጣው ሄር ቬንትሃይም ብቻ ነበር። ገና በመጀመሪያው ዓመት እኔን እንደዚያ አትጥሩኝ ብሏል። ቡርጋም፣ የአዳኙ ቤትም ሥራውም ከኪራዩ ጋር በእሱ እጅ ነውና፣ አሥራ አንድ ዓመት ተራራ አናት ላይ ሳይቀር እርስዎ ስትለው ኖራለች።

«እንግዲህ ቡርጋ፣ ዝርዝሩን እንደ ወትሮው ታዘጋጂዋለሽ» አለ፣ ካቀረበችለት ጥቁር ዳቦና የተጨሰ ሥጋ እየቆረሰ።

«አላዘጋጅም።»

«እንዴት?»

«ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ካለ ጫካው ውስጥም ሠላሳ ይሆናል። ስድስቱን ጨርሻለሁ፣ ሃያ አራት ይቀረኛል።»

ማኘኩን አቆመ። «ስድስት? ማን ፈቀደልሽ? እነዚህ እኮ የአውራዎቼ እናቶች ናቸው!»

«የጫካችንም በሊታዎች።»

«ጫካ! እስቲ በመስኮት እዪ፣ የሞላው ጫካ አይደለም እንዴ?»

«የሞላውማ ሽማግሌ ነው። ልጅ የለውም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለእርስዎ አይነገርም።»

ሄር ቬንትሃይም ሳቀ። «አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ሰባኪ ሆነሽ አረፍሽው! ስሚ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ወረቀት ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው? የእኔ ነው? አንድ ቃል ትንፍሽ ብትይ ፈቃድሽን የምታጪው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ቤቱንም ጭምር።»

«እሱንም አውቃለሁ። የተወለድኩበት ቤት ነው፣ በማን እጅ እንዳለ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«አፍሬያለሁ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ይልቅ ሥጋውን ይጨርሱት፣ እንዳይባክን። የእናት አጋዘን ነው።»

በአፉ ሊያስገባው የነበረውን ቁራሽ ወደ ሳህኑ መለሰው። ከዚያ በሚያዝያ መጨረሻ ቤቱን እንድታስረክብ ነግሯት በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ቡርጋ ተነስታ በሩን ዘጋች፣ የተረፈውን ሥጋም እሷው በላችው።

እናትና ግልገል መግደል የሚፈቀደው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ ነው። ሃያ አራት አጋዘን ለአንድ ሰው ቀላል አይደለም። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ በረዶው እስከ ጭኗ እየዋጣት የገደለችውን በገመድ ትጎትታለች፣ ቁልቁል እስከ ሥጋ ቤቱ ታወርዳለች። ለሚወድቀው ሁሉ ደግሞ ወደ አጥሩ ወጥታ አንዲት ቅርንጫፍ ሰብራ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች። ከወደቁበት የሚሰበር ነገር አላገኘችም። በእያንዳንዱ ጊዜ መጀመሪያ ዙሪያውን ትፈልጋለች፤ ምናልባት አንድ እንኳ ብትገኝ ብላ ነው። አልተገኘችም።

አንድ ቀን ጭጋጉ ውስጥ ተሳሳተች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ግልገሉ፣ ከዚያ እናቲቱ። ብቻዋን ቆማለች ያለቻትን አጋዘን ጣለችና ቀርባ ጡቷን ስትነካ ወተት እጇ ላይ ፈሰሰ። ቡርጋ በረዶው ላይ ተቀመጠች። እናት የሌለው ግልገል መንጋው ያባርረዋል፤ ቀስ ብሎ በረሃብ ያልቃል። በሠላሳ አምስት ዓመት የአዳኝነት ሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ወደ ቤት አልሄደችም ማለት ይቻላል፤ ለመተኛት ብቻ ወርዳ ተመለሰች። ግልገሉ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቱ የወደቀችበትን በረዶ አሸተተ፣ በእግሩ ጫር ጫር አደረገ፣ ቀና ብሎ ተጣራ። ቡርጋ እያለቀሰች ተኮሰች፤ በአንድ ጥይት ጣለችው። ለእሱም ጉርሻውን ሰጥታ ከጎኑ ብዙ ቆየች። ያን ዕለት ሥራውን ተይው የሚል ድምፅ በሆዷ ተነሳ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

የገደለችውን ሁሉ የታች መንጋጋ ከጉርሻዋ ጋር ታስቀር ነበር። ከቤቱ ጀርባ በትልቅ ድስት እየቀቀለች ታጸዳዋለች። ሽታው መንደሩን አስመርሮታል። በታኅሣሥ አጋማሽ አምብሮስ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ መጣ። አምብሮስ የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ አደኑን ለሄር ቬንትሃይም የሚያከራየው ይኸው ማኅበር ነው።

«አንቺ ቡርጋ፣ ምን እየቀቀልሽ ነው እንዲህ የሚገማው?»

«መንጋጋ። ትቀምሳለህ?»

«ተይ እባክሽ! መንደሩ ማን እያለ እንደሚጠራሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን ይለኛል?»

«ሄሮድስ።»

ከት ብላ ሳቀች። «እኔ እንኳ የባሰ ጠብቄ ነበር።»

«ቀልዱን ተይው። ሰውየው እኮ ኪራዩ ሲታደስ የእሳት አደጋ መኪና ሊገዛልን ነው። ለማርሽ ባንዱም አዲስ ልብስ።»

«ጥሩ ነዋ! ናዳው ሲመጣ በመኪናው ውኃ ትረጩበታላችሁ፣ ባንዱም በአዲስ ልብሱ ይቀብራችኋል።»

«አፍሽን!»

«በረትህን የወሰደው አፌ ነው? ናዳው ኩሽናህ ግድግዳ ላይ ነው የቆመው፣ አምብሮስ። ያን ጠዋት ኩሽና ውስጥ ማን ነበር?»

ሚስቱና ገና ያልዳኸችው የልጅ ልጁ እንደነበሩ ሁለቱም ያውቃሉ።

«በረዶ ድሮም ይበዛ ነበር» አለ አምብሮስ።

«አዎ። ዛፉም ድሮ ይበዛ ነበር።»

አምብሮስ ድስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ መልሶ ሄደ። ቡርጋ ሠላሳኛውን የገደለችው ወቅቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

በሚያዝያ የቀንድ ትርዒት አለ። የአውራጃው አዳኞች በሙሉ ዓመቱን የገደሏቸውን የወንዶቹን ቀንድ ይዘው ሸለቆው ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ቀንዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሽማግሌዎቹ ጥርስ እያዩ ዕድሜ ይገምታሉ፣ መግደል የማይገባውን የገደለ ሰው ቀንዱ ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፍበታል። ያቺ ቀይ ነጥብ የስንቱን ጎበዝ አንገት እንዳስደፋች አትጠይቁኝ። ነጥቡን የሚለጥፈው የአውራጃው የአደን ሹም ሲልቬስተር ነው፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ጺሙ ነጭ፣ ፈገግታ የማያውቅ ሰው።

ቡርጋ በጠዋት ገብታ የሂንተርላን ተብሎ በተለየው ግድግዳ ላይ መዶሻዋን አነሳች። አዳኞቹ ቢራቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ከሄር ቬንትሃይም ሁለት ትልልቅ ቀንዶች ሥር ሠላሳ ባዶ መንጋጋ በአምስት ረድፍ ተቸንክሮ ጠበቃቸው። በእያንዳንዱ መንጋጋ ጥርሶች መካከል የደረቀች የጥድ ቅርንጫፍ አለች፤ ከሥሩ ደግሞ አጋዘኑ የወደቀበት ቦታና ቀን የተጻፈበት ወረቀት። በአንዱ ላይ «ወተት ነበራት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል።

ሲልቬስተር መነጽሩን አስተካክሎ ቀረበ። «ቡርጋ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሠላሳ መንጋጋ። ቁጠረው።»

«ይኼ የቀንድ ትርዒት ነው። ለእናቶቹ ወረቀቱ ይበቃል።»

«ወረቀቱማ አይበቃም። የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።» ፊቷን ወደ አዳራሹ አዞረች። «ስሙ! አሥራ አንድ ዓመት ሠላሳ ብዬ ፈርሜያለሁ። የገደልኩት ግን ስምንት ነበር፣ ዘጠኝ የሆነበትም ዓመት አለ። የቀሩትን የገደልኳቸው በእስክሪብቶ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ አፉን ያዘ። ሌሎቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር፤ በእስክሪብቶ የሚያድነው ቡርጋ ብቻ አልነበረችምና።

«ይህቺ ሴት አእምሮዋ ልክ አይደለም!» አለ ሄር ቬንትሃይም ፊቱ ደም መስሎ። «አውርዱልኝ ይኼን ቆሻሻ!»

ማንም አልተነሳም።

ሲልቬስተር ዝቅ ባለ ድምፅ «የተናገርሽውን ታውቂዋለሽ?» አላት። «ከዚህ በኋላ ፈቃድሽን መቀበል ግዴታዬ ነው።»

ቡርጋ ከደረት ኪሷ የአደን ፈቃዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ኪሷ የኖረ ወረቀት ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። «ውሰደው። መንጋጋዎቹ ግን ከግድግዳው አይወርዱም።»

ሽማግሌው ፈቃዱን አልነካውም። ወደ ግድግዳው ተመልሶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። አራተኛው ላይ ቆመ፣ ወደ አምስተኛው ሄደ፣ ወደ አራተኛው ተመለሰ። «ጉርሻ፣ ከአጥሩ ውስጥ» ይላል። አምስተኛውም። ስድስተኛውም።

«ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ቅርንጫፉ የመጣበት ቦታ።»

«ሠላሳውም ከአንድ ቦታ? ከወደቁበት አይደለም?»

«አይደለም።»

ያን ጊዜ አዳራሹ ፈነዳ። የአሥራ አንድ ዓመት የሐሰት ወረቀት ትንፍሽ ያላሰኛቸው ሰዎች ስለ ቅርንጫፍ ጠረጴዛ ይደበድቡ ጀመር። «ነውር ነው!» አለ አንዱ። «ለሟቹ ከሌላ ቤት ጉርሻ ይለመናል እንዴ?» አለ ሌላው። «አባትሽ ይኼን ቢሰማ!» አለ ሦስተኛው። እኔ እንደሆንኩ እነዚህን ሰዎች የምወዳቸውም የምንቃቸውም በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ቡርጋ አጠገቧ ያለ ወንበር ላይ ወጣች።

«አባቴን ያነሳው ማነው? አባቴ ቅርንጫፍ የሰበረባቸው ቦታዎች ሁሉ ሄጃለሁ፣ አንድም አልቀረኝም! ቆሞ የሚደርስበት፣ ከመሬት የበቀለ፣ አንዲት አረንጓዴ የጥድ ቅርንጫፍ ከአጥሩ ውጭ ከዚያ ዳገት የሚያመጣልኝ ካለ ሠላሳዎቹንም አወርዳለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ ሄሮድስ ነኝ እላለሁ።»

«ካልተገኘስ?» አለ ሲልቬስተር።

«ካልተገኘ የማን ነውር እንደሆነ እዚያው ዳገቱ ላይ እንነጋገራለን።»

ሽማግሌው ቆቡን ከጠረጴዛው አነሳ። «ሃምሳ ስምንት ዓመት አድኜ ቅርንጫፍ አጥቼ አላውቅም» አለ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ። ሁላችሁም።»

በማግስቱ አዳኙም የመንደሩ ገበሬም ስልሳ የሚሆን ሰው ወደ ዳገቱ ወጣ። በረዶው እዚህም እዚያም ቀልጦ መሬቱ ይታያል። ሄር ቬንትሃይምም በሚያብለጨልጭ ጫማ ከኋላ ተከተለ፤ ስትዋረድ እንዳያመልጠው ነው። የሺህ ሜትሩን ምልክት አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ትንፋሹ አጠረ።

«ይኼ ቀልድ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አንተ ቅርንጫፍ ስታገኝ» አለች ቡርጋ።

«አንተ? ማንን ነው አንተ ያልሽው?»

በአውራ ጣቷ ቁልቁል ወደ እንጨቱ ምልክት ጠቆመች። «ሺህ ሜትሩን አልፈናል እኮ። አሥራ አንድ ዓመት ስላዘገየሁት ግን ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዙሪያው ሳቀ። ያን ዕለት የተሳቀው ግን ያኔ ብቻ ነው። ሰዎቹ ተበታትነው መፈለግ ጀመሩ። መጀመሪያ እየተቀላለዱ ነበር፤ ቆይተው ቀልዱ ቀረ። አንዱ «አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ሮጡ፤ ነፋስ ከሽማግሌ ጥድ አናት የጣለው ሆኖ ተገኘ። ሌላው ግንድ ላይ ሊወጣ ሲል ጓደኞቹ በእግሩ ጎትተው አወረዱት። ሰው እየጎነበሰ፣ ጉቶ እየነካካ፣ እየተነሳ፣ ሦስት ሰዓት አለፈ።

ሲልቬስተር በአንድ የተጋጠ ጉቶ አጠገብ ተንበርክኮ በጥፍሩ ቅርፊቱን እየፋቀ የዓመት ምልክቶቹን ቆጠረ። ለመነሳት የሰው እጅ አስፈለገው።

«ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ። እጁን ከጉልበቱ በታች ዘርግቶ ቁመቱን አሳየ።

አምብሮስ ከሁሉም ራቅ ብሎ ቁልቁል እያየ ቆሟል። ቡርጋ አጠገቡ ሄደች።

«ከዚህ ኩሽናዬ ይታያል» አላት። «ጭሱ ሳይቀር። ልጆች ሆነን እዚህ ስንጫወት ቤታችን ይታይ ነበር?»

«አይታይም ነበር። አንድ ጊዜማ መንገድ ጠፍቶብን አልቅሰሃል።»

«ያለቀስሽው አንቺ ነሽ» አለ። ዞሮ ወደ ሄር ቬንትሃይም ሄደ። «ኪራዩን ለማኅበሩ አቀርባለሁ፣ ደንቡ ነው። እኔ ግን ይታደስ ብዬ እጄን አላነሳም። እዚህ የወጣ ገበሬም የሚያነሳ አይመስለኝም።»

«የእሳት አደጋ መኪናውስ?»

«እንደ አባቶቻችን በባልዲ እናጠፋለን።»

ሄር ቬንትሃይም አንድ በአንድ አያቸው። ማንም ዓይኑን አልሰበረለትም። ብቻውን ወረደ፤ ጫማው በጭቃው እያንሸራተተው ሁለት ጊዜ ተቀመጠ።

የቀሩት ሳይጠራሩ አጥሩ ዘንድ ተሰበሰቡ። ትናንት ጠረጴዛ የደበደቡት ሰዎች የሽቦውን ቀዳዳ በጣታቸው ይዘው ወደ ውስጥ ያያሉ። ከእነሱ ወዲህ ባዶ መሬት ነው፤ ከሽቦው ወዲያ ደረት ለደረት የገጠመ አረንጓዴ ጥድ። ሲልቬስተር ቆቡን አወለቀ። ሦስት ሰዓት ፈልጎ በእጁ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አልያዘም።

«ፈቃድሽ ሁለት ዓመት እኔ ዘንድ ይቆያል» አለ። «ፈርመሻል፣ ላልፍልሽ አልችልም።»

«እንድታልፍልኝ አልጠየቅኩህም። በኅዳር ሠላሳውን የሚገድል ሰው አምጣና ዱካውን አሳየዋለሁ፤ ለዚያ ፈቃድ አያስፈልግም። መንጋጋውን ግን ስታመጡ ቁጠሩ።»

«እንቆጥራለን።» ሽማግሌው ቆቡን በእጁ አዟዟረው። ከዳገት የሚመለስ አዳኝ ቆቡ ላይ ቅርንጫፍ ሰክቶ ነው የሚወርደው፤ ባዶ ቆብ ይዞ መንደር መግባት በእሱ ዕድሜ ከባድ ነገር ነው። «እንግዲህ ክፈቺልኝ» አላት ለስለስ ብሎ። «አንዲት ልስበር።»

ቡርጋ ቁልፉን አወጣች። ከዚያ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«አይከፈትም።»

«ቡርጋ!»

«ሠላሳ ሰብሬያለሁ፣ ለሠላሳ ሟች። ከዛሬ በኋላ ከዚህ አይሰበርም። ቅርንጫፍ የፈለገ በእስክሪብቶ ሳይሆን በጠመንጃ ያድን፣ ከዚያ ይጠብቅ። እዚህ ውጭ ሲያድግ ጎንበስ ብሎ ይሰብራል።»

«እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። አልደርስበትም።»

«እኔም ላልደርስበት እችላለሁ» አለች ቁልፉን መልሳ ኪሷ እየከተተች። «በሉ፣ ባዶ ቆባችሁን አድርጋችሁ ውረዱ።»

ሲልቬስተር ቆቡን ደፍቶ ቁልቁለቱን ጀመረው፤ ስልሳው ሰውም ቆቡ ላይ አንዲት ቅጠል ሳይሰካ ተከትሎት ወረደ።